አባ ኮዳ፣ ዋርካና የጉድጓድ ውሃ፦ የአንዲት ኮሮላ ጉዳይ

መኪናዋ ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ ናት። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እኔም አብረውኝ መኪና የሚያጸዱት ልጆችም ጋሼ ነው የምንላቸው። በጋውን አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ሲያሳልፉ መኪናዋን ሐዋሳ ትተዋት ሄዱ። የቆመችው ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ ትልቅ ዋርካ ሥር ነው። ፀሐይ እንዳይመታት ተብሎ። የሐዋሳን የመጋቢት ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ጥላ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

ችግሩ ዋርካው ባለቤት ነበረው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ደርሶ የሚያውቅ ሰው አባ ኮዳን ያውቀዋል። ራሰ በራው፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለው ትልቅ ወፍ። ቀን ቀን ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን አንጀትና ጭንቅላት ሲለቃቅም ይውላል። ሲመሽ ዛፍ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ከዛፉ ሥር ያለውን ነገር አምላክ ይጠብቀው።

ግቢው ውስጥ አትክልትም አለ። ዘበኛው ጠዋት ጠዋት የጉድጓድ ውሃ በጎማ ይረጫል። የሚፈናጠረው ውሃ በመኪናዋ ግራ በኩል ያሉትን መስታወቶች ሲያገኛቸው ከረመ። ከላይ ወፍና ዛፍ፣ ከጎን ውሃ።

ጋሼ ሲመለሱ ደንግጠው በቅርብ ወዳገኙት ላቫጆ ወሰዷት። እዚያ የልብስ ዱቄት ሳሙና ነስንሰው በስፖንጅ ፈተጓት። አልለቅም ያለውን በቲነር ሞከሩት። እኔ ጋ ስትመጣ እንግዲህ ሁለት ዓይነት ጉዳት ይዛ ነው፤ የተፈጥሮውና የሰው እጅ የጨመረው።

«ልጄ፣ ቀለም ላስቀባት ወይስ ተስፋ አላት?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እንጠባትና እንያት። ሳይታጠብ የሚታይ ነገር የለም።»

ቀለም ማስቀባት ቀላል ወጪ እንዳይመስላችሁ። ሸጦ ሌላ መግዛት ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ሆኗል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለው። በ2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ያለችውን አሮጌ መኪና እንደ ንብረት ነው የሚይዛት። የፋብሪካ ቀለሟን ያልቀየረች መኪና ስትሸጥም ስትለወጥም ሌላ ዋጋ አላት። ገዢ ይዞት የሚመጣው መካኒክ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ተቀብታለች?» ብሎ ነው።

አጠባው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እዚህ ጋ ነው። ሐዋሳ የተቀመጠችው በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። ዙሪያዋን ያለው አፈር ፑሚስ የበዛበት ነው፤ ያ ብሎኬት የሚሠራበት ቀላል ነጭ ድንጋይ። ፑሚስ ሲደቅ የመስታወት ብናኝ ነው። መኪና ላይ ያረፈውን የሐዋሳ አቧራ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መሞረድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ ብቻ፣ ብዙ ውሃ፣ ከላይ ወደ ታች። ጨርቅ የሚነካት አሸዋው ከወረደ በኋላ ነው። ሁለት ባልዲ እንይዛለን፤ አንዱ የሳሙና፣ ሌላው ጨርቁ የሚታጠብበት። የሁለተኛውን ባልዲ ሥር አይቶ የማያምን ሰው የለም፤ ግራጫ ደለል ይዞ ይቀመጣል።

ሳሙናውም የመኪና ሻምፖ ይሁን። የልብስ ዱቄት ጠንካራ ነው። ሰሙን ገፍፎ ቀለሙን ራቁቱን ያስቀረዋል፤ ሳይሟሟ የቀረው ፍሬም ይጭራል።

ታጥባ ጥላ ውስጥ ስትደርቅ በስልክ መብራት አገላብጠን አየናት። አራት ዓይነት እድፍ ነበረባት። ጣራው ላይ ጥቃቅን የሚያጣብቁ ነጠብጣቦች። ጣራውና ኮፈኑ ላይ ቡናማ፣ የደረቁ፣ ጥፍር ሲነካቸው እንደ ጎማ የሚመለሱ ጠብታዎች። ኮፈኑ ላይ የአባ ኮዳ ነጭ ኖራ፣ አንዳንዱ የሳህን ስፋት ያለው። በግራ በኩል መስታወቶቹ ላይ ደግሞ ግራጫ ጉም። ላቫጆው አራቱንም «ቆሻሻ» ብሎ በአንድ ቲነር ነበር የመጣባቸው።

ቀላሉን እናስቀድም። ጣራው ላይ የነበሩትን ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሰው ሁሉ «የዛፍ ሙጫ» ይላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሙጫ አይደሉም። ቅጠል ላይ የሚሰፍሩ ጥቃቅን ነፍሳት የዛፉን ፈሳሽ ጠጥተው የተረፋቸውን ስኳር ወደ ታች ያንጠባጥባሉ። መኪናችሁ ላይ የሚያርፈው ያ ነው። ሲቆይ ሻጋታ ይይዘውና ይጠቁራል፤ ያኔ ሬንጅ ይመስላል። ማወቂያው ቀላል ነው። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ያዙበት። ስኳር ከሆነ ይሟሟል። የጋሼ ጣራ አብዛኛው በዚህ ብቻ ለቀቀ። ያ ሁሉ ቲነር በከንቱ ነበር ማለት ነው፤ ስኳር በቲነር አይሟሟምና።

ቡናማዎቹ ግን ሌላ ናቸው። ዋርካ ቅርንጫፉ ሲሰበር ወይም ፍሬው ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ያወጣል። ወተቱ ውስጥ የጎማ ዓይነት ነገር አለ። አየር ሲያገኘው ይረጋል፣ ይደርቃል፣ ይጠቁራል። ውሃ አይነካውም። አልኮልም ብዙ አይረዳም። አልኮል የሚጠቅመው እንደ ጥድ ላለ ዛፍ ሙጫ ነው፤ እዚያ ላይ ጎበዝ ነው። ለዋርካ የሚሆነው ላምባ ነው። ላምባ ጎማውን አያሟሟውም፤ ያሳብጠዋል፣ ይለሰልሰዋል። ጥጥ በላምባ አርሳችሁ ጠብታው ላይ ታስቀምጡና ትተዉታላችሁ። አትፈትጉም። ቆይታችሁ በአውራ ጣት ጨርቅ ይዛችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ስትገፉት እየተጠቀለለ ይነሳል። ያልተነሳ ካለ ጥጡን ትመልሳላችሁ። ሲያልቅ ወዲያው በሻምፖ ታጥቡታላችሁ፤ ላምባ ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ አቧራም ይጠራል። ይሄን ሁሉ ስትሠሩ አጠገባችሁ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አይኑር። ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ ግን አይቻለሁ።

ቤንዚንስ? የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ቤንዚንም ይሠራል፣ ግን ቶሎ ይተናል፣ እሳቱም የባሰ ነው። ላምባ ተረጋግቶ መቀመጡ ነው ጥቅሙ።

ወደ ላምባው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር መርምረን ነበር። የፋብሪካ ቀለም በጋለ ምድጃ የተጋገረ ነው፤ ላምባ ለጥቂት ደቂቃ ቢቀመጥበት ምንም አይለውም። ገራዥ ውስጥ የተቀባ ቀለም ግን እንደ ቀቢው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ በር ላይ፣ ከታች በማይታየው ጠርዝ፣ ነጭ ጨርቅ በአልኮል አርሰን ቀስ ብለን አሸነው። ሦስቱ በሮች ላይ ጨርቁ ንጹሕ ወጣ። በቀኝ የኋላው በር ላይ ሰማያዊ ሆነ።

«ጋሼ፣ ይህ በር ተቀብቶ ያውቃል?»

ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ። «ሻሸመኔ ላይ ባጃጅ ገጭቶኝ ነበር። ባለቤቴ እንኳን አታውቅም።»

ያ በር በላዩ ግልጽ ሽፋን የለውም፤ አንድ ወጥ ቀለም ነው። ላቫጆው ቲነር ያሸበትም እሱኑ ጭምር ስለነበር መሐሉ ደብዝዞ እንደ ኖራ ቅብ ሆኗል። ከዚያ በኋላ በዚያ በር ላይ ከሳሙናና ከለብ ያለ ውሃ ውጭ ምንም አላስነካንም።

አሁን ወደ አባ ኮዳ እንምጣ።

የወፍ ኩስ ሁለት ነገር ነው። ጠቆር ያለው ሰገራ ነው፤ ነጩ ደግሞ ሽንት ነው። ወፍ ሽንቱን እንደኛ በውሃ አያወጣም፤ ዩሪክ አሲድ በሚባል ነጭ ሊጥ መልክ ነው የሚያወጣው። ይህ ነገር በተራ ውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ዝናብ የማያወርደው። ላቫጆው የግፊት ውሃ ተኩሶበትም ንቅንቅ ያላለው ለዚህ ነው። የአባ ኮዳ ሲሆን ደግሞ ውስጡ የዓሣ አጥንትና ቅርፊት ስብርባሪ ይኖራል። በስፖንጅ ስትፈትጉት ያንን ስብርባሪ ነው ቀለሙ ላይ የምትጎትቱት። የጋሼ ኮፈን ላይ የነበሩት ክብ ክብ ጭረቶች የመጡት ከዚያ ነው፤ ወፉ ሳይሆን እጁ የሠራቸው።

ዩሪክ አሲድ የሚለሰልሰው ሶዳነት ባለው ውሃ ነው። አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ እንጨምራለን። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ እሱ አሲድ ተቀላቅሎበታል። ሶፍት ወይም አሮጌ ቲሸርት በዚያ ነክረን እድፉን እናለብሰዋለን። ሲደርቅ ደግመን እናረጥባለን። ችኮላ የለም። ቡና አፍልተን ጠጣን፤ ጋሼም ስለ ድሮ ተማሪዎቻቸው አወሩ። ጨርቁ ሲነሳ አብዛኛው አብሮት ተነሳ። የቀረውን በአዲስ እርጥብ ጨርቅ ቆንጥሮ ማንሳት ነው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን ሳይሆን።

ከሥሩ ያለው ሥዕል ግን ያኔ ነው የሚገለጠው። ጠባሳ አለ። የጨለመ፣ ጠርዙ የተጨማደደ ክብ።

ሰው ሁሉ አሲዱ በላው ይላል። አሲዱም ድርሻ አለው፤ ዋናው ተንኮለኛ ግን ሙቀት ነው። የመኪና ቀለም ላይኛው ሽፋን፣ ቀቢዎች ክሊር የሚሉት፣ ፀሐይ ሲያግለው ይለሰልሳል፣ ይለጠጣልም። ማታ ሲበርድ ይኮማተራል። ላዩ ላይ እንደ ድንጋይ የደረቀ ኩስ ካለ ሽፋኑ የኩሱን ቅርጽ ይዞ ይጠነክራል። ኩሱ ቢነሳም ቅርጹ ይቀራል፤ ብርሃን እዚያ ጋ ሲደርስ ስለሚበተን ደብዝዞ ይታያል። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ መኪና ላይ የሚብሰውም ስለሚግል ነው። ዋርካው ቀኑን ሙሉ ጥላ አይሰጥም፤ ከሰዓት ፀሐዩ በጎን ይገባና ኮፈኑን ያገኘዋል።

ይህን ማወቅ ለሥራውም ይጠቅማል። በሙቀት የመጣ ጠባሳ በሙቀት ትንሽ ይመለሳል። የፀጉር ማድረቂያ ይዘን፣ እያንቀሳቀስን፣ እጅ ችሎ እስከሚነካው ድረስ ብቻ አሞቅነው። ቀለል ያሉት ክቦች ደበዘዙ። ጥልቀት ያላቸው ግን አልተነቃነቁም።

ቀጥሎ ፖሊሽ ነው። እዚህ ላይ ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል። የፋብሪካ ቀለም ከብረቱ እስከ ላይ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይሆናል። ማይክሮን የሚሊሜትር 1 ሺኛ ነው። ከዚያ ውስጥ ክሊሩ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። ከፀሐይ የሚከላከለው እሱ ነው። ፖሊሽ ሲባል ደግሞ አስማት አይደለም፤ ጭረቱ እስኪጠፋ ድረስ ዙሪያውን ዝቅ ማድረግ ነው። ኮምፓውንድ የሚባለው ሸካራው ፖሊሽ በየዙሩ ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል። አንዴ የወሰዳችሁትን የሚመልስ ነገር የለም። ከክሊሩ ብዙ የተነሳለት ኮፈን መጀመሪያ ያምራል፤ ከዓመት ከምናምን በኋላ ግን ፀሐዩ ይገባበትና እንደ ቆዳ መላጥ ይጀምራል። ይህን ዓይነት መኪና በከተማችን ቆጥራችሁ አትጨርሱም። ሁሉም አንድ ወቅት «ተፖልሻ እንደ አዲስ ሆናለች» የተባለች ናት።

ስለዚህ ከለስላሳው ጀመርን። ለስላሳ ስፖንጅ፣ ደቃቅ ፖሊሽ፣ ዝቅተኛ ፍጥነት። የላቫጆው ክብ ጭረቶች በዚህ ብቻ አብዛኛዎቹ ጠፉ። ኮምፓውንድ የነካው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንድ ጠባሳ፣ ከዋይፐሩ አጠገብ ያለው፣ ጥፍር ሲያልፍበት ይይዛል። ጥፍር የሚይዘውን ጠባሳ በፖሊሽ ለማጥፋት የሚሞክር ሰው ከክሊሩ ብዙ ለመክፈል የቆረጠ ሰው ነው። እኛ ጠርዙን አለዝበን ተውነው።

መስታወቱ የራሱ ታሪክ አለው፤ ለእኔ ከሁሉም በላይ አስተማሪውም እሱ ነበር።

መስታወት ላይ የውሃ ጨው ሲደርቅ ሰው ሁሉ የሚመክረው አቼቶ ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ለኖራማ ውሃ። የካልሲየም ጨው አሲድ ሲያገኘው እየተንጫጫ ይሟሟል። ሻይ ማፍያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱ ነው፤ በሎሚም ይለቃል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ግን ብዙ ቦታ ሌላ ባሕርይ አለው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚመጣ ካልሲየሙ ያንሳል፤ ሶዳው ይበዛል። ሲሊካም ይዟል። ሲሊካ ማለት ራሱ መስታወት የሚሠራበት ነገር ነው። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ሲሊካው መስታወቱ ላይ ስስ ቆዳ ሆኖ ይቀራል። ዘመድ ከዘመድ ተጣበቀ ማለት ነው። አቼቶ ቢያፈሱበት ዞር ብሎም አያየውም።

እኛም በአቼቶው ጀመርን፤ የሚሟሟው መጀመሪያ ይነሳ ብለን። የወጥ ቤት ወረቀት በአቼቶ ነክረን መስታወቱ ላይ ለጠፍን። ከሥር ያለውን ጎማና ቀለም በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንን። ትንሽ ተንጫጫ። ሲታጠብ ነጩ ዱቄት ወረደ፤ ጉሙ ግን አለ። መስታወቱ እርጥብ ሲሆን ጥርት ይላል፣ ሲደርቅ ጉሙ ይመለሳል። ይህ የሲሊካ ምልክት ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ሰው የሚሳሳተው። አንዳንድ ቦታ ስም በሌለው ጠርሙስ የሚሸጥ «የመስታወት አሲድ» አለ። በአንድ ማለፍ ጉሙን ያነሳዋል። ውስጡ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያለበት ሊሆን ይችላል። መስታወት የሚበላ አሲድ እሱ ነው። ቆዳ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ላያም ይችላል፤ ግን ሰርጎ አጥንት ድረስ ይገባል፣ የደምን ካልሲየም ያዛባል፣ ሰው ይገድላል። ለመኪና መስታወት ብላችሁ እንዳትነኩት። ልጆች በባዶ እጃቸው ሲጠቀሙበት አይቼ አውቃለሁ፤ እስካሁን ይዘገንነኛል።

የሚሠራው መንገድ ዘገም ያለው ነው። ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል ደቃቅ ዱቄት አለ፤ የመነጽር መስታወት የሚለሰልሰው በሱ ነው። በውሃ እንደ ቀጭን አጥሚት ይበጠበጣል። ድሪል ላይ ጠንካራ የሱፍ ክብ ይታሰርና በዝቅተኛ ፍጥነት ይሠራል። ሁለት ነገር መጠበቅ አለበት። አንዱ፣ መስታወቱ እንዳይደርቅ ውሃ በስፕሬይ እየረጩ መሄድ። ደረቅ መስታወት ይግላል፣ የጋለ መስታወት ደግሞ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው፣ አንድ ቦታ ላይ አለመቆም። የፊት መስታወት ላይ አንድ ቦታ ከቆማችሁ መስታወቱን ትሰረጉዱታላችሁ። ማታ የሚመጣ መኪና መብራት እዚያ ጋ ሲደርስ ይጣመማል። ስለዚህ የጎን መስታወቶቹን በደንብ፣ የፊቱን በግራ ጥጉ ላይ ብቻ ለስለስ አድርገን ሠራን። ሹፌሩ በሚያይበት መሐል ላይ ድሪል አላሳረፍንም፤ ደግነቱ ውሃው እዚያ ብዙ አልደረሰም።

የፊት መስታወቱ ላይ የነበሩትን የዋርካ ጠብታዎች በምላጭ አነሳናቸው። አዲስ ምላጭ፣ በሳሙና ውሃ የራሰ መስታወት፣ ተጋድሞ፣ ወደ ፊት ብቻ። ወደ ኋላ መልሳችሁ ከጎተታችሁት ከምላጩ ሥር ያለች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ረጅም መስመር ትሥልላችኋለች። ቲንት የተለጠፈበት ገጽ ላይ ምላጭም አቼቶም አይታሰብም። የዋይፐሩ ጎማ ተቀየረ፤ ፑሚስ ጠርዙ ውስጥ ተቀርቅሮበት ነበር።

መጨረሻ ላይ ሰም ቀባናት። ሰም ኩስን አይከለክልም። የሚያደርገው ጊዜ መስጠት ነው፤ ኩሱ ክሊሩን ሳይሆን ሰሙን ይነክሳል፣ ሲታጠብም ቶሎ ይለቃል። በሐዋሳ ፀሐይ ብዙ ስለማይቆይ በየጥቂት ወሩ መደገም አለበት።

ጋሼ ሊወስዷት ሲመጡ ዞረው ዞረው አዩዋት። ዋይፐሩ አጠገብ ያለችው ክብ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይቺ አትለቅም?»

«ትለቃለች ጋሼ። ግን ከሷ ጋር ክሊሩም ይሄዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ኮፈኑ ይላጥብዎታል።»

«እንግዲያው ትቆይ። በሩስ?»

«በሩ ቀለም ቤት ነው። አንድ በር ብቻ፣ መኪናዋ በሙሉ አይደለም።»

ሻሸመኔ የገጫቸው ባጃጅ ነገር በዚሁ ሰበብ ቤታቸው ሊሰማ መሆኑ ከቀለሙ ወጪ በላይ አሳሰባቸው።

ዋርካውን ስለማስቆረጥም አንስተው ነበር። እኔ አልደገፍኩም። እዚያ ዛፍ ላይ አባ ኮዳዎቹ ከሳቸውም ከኔም በፊት ነበሩ። መኪናዋን ወደ ግቢው ሌላ ጥግ ማስጠጋት ይቀላል። ዘበኛውም ጎማውን በሌላ አቅጣጫ እንዲይዝ ተነግሮታል። ጋሼ አሁን መኪናዋ ውስጥ አንድ ጠርሙስ የሶዳ ውሃና አንድ እሽግ ሶፍት ይዘው ነው የሚዞሩት። ኩስ ሲያዩ ያለብሱታል፣ ሻያቸውን ጠጥተው ሲመለሱ ያነሱታል። ባለፈው ላቫጆ ሲገቡ አንድ ልጅ ቲነር ይዞ ሲመጣ መኪናቸው ፊት ቆመው ትምህርት ሰጡት አሉ፤ ቲነሩንም አስመለሱት። በሩ ግን እስካሁን አልተቀባም።